ያላለቀ ሥራ የት ይደር? በደሴ በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ የስፌት፣ የክራርና የሥዕል ሥራ (የጉዳይ ጥናት)

ይህ ጥናት የሚመለከተው በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ በአንዲት የቀበሌ ቤት የሚኖር ሦስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ነው። እናት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ መሶብ፣ አገልግልና ሙዳይ ይሰፋሉ። አባት የአንደኛ ደረጃ መምህር ናቸው፤ ክራር ይሠራሉ፣ የሠሩትንም ይጫወታሉ። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ትሥላለች። ሦስቱም የሚሠሩት ለገበያ አይደለም። አልፎ አልፎ ለሠርግ የሚሆን መሶብ የሚጠይቃቸው ዘመድ ቢኖርም፣ ሥራው የዕለት እንጀራቸው ሳይሆን ከዕለት እንጀራቸው የተረፈችውን ሰዓት የሚሰጡበት ፍቅራቸው ነው። እኔ የግንባታ ሙያ የማስተምር ሰው ስሆን፣ ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ቤቱን ለክቻለሁ፣ ዕቃውን ከሠራው አናጢ ጋር ተነጋግሬአለሁ፣ አኗኗራቸውንም በክረምትና በበጋ ተመልክቻለሁ። ስማቸውንና የቤታቸውን ቁጥር በጥያቄአቸው መሠረት ትቼዋለሁ።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በጠባብ ቤት ስለሚሠራ የእጅ ሥራ ሲነሳ ሁሉም ሰው «ቦታ የለም» ብሎ የሚዘጋው መሆኑ ነው። በዚህ ቤት ያየሁት ግን ለመሥሪያ የሚሆን ቦታ ሁልጊዜም እንደነበረ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለመስፋት የሚያስፈልገው አንድ በርጩማና ክንድ የሚዘረጋበት ስፋት ብቻ ነው። የጠፋው ያላለቀ ሥራ የሚያድርበት ቦታ ነበር።

ቤቱ

የቤቱ ወለል በውስጥ ሲለካ 4.20 ሜትር በ4.80 ሜትር ነው፤ ከ20 ካሬ ሜትር እምብዛም አይዘልም። ግድግዳው በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር የቆመ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከወለሉ 2.70 ሜትር ከፍ ብሎ የአቡጀዲ ኮርኒስ ተወጥሮበታል። በሩና ብቸኛው መስኮት የሚገኙት በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ነው። ማድ ቤቱ፣ መጸዳጃ ቤቱና የውኃ ቧንቧው በግቢው ከሚኖሩት ሌሎች ቤተሰቦች ጋር የጋራ ነው።

የቀበሌ ቤቶች ትንሽ የሆኑት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ፣ የተወረሱት ቤቶች አስተዳደር የተከፋፈለው በወር ኪራያቸው መጠን ነበር፤ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ስለዚህ ለቀበሌ የደረሱት በአብዛኛው በርካሽ የሚከራዩት፣ ማለትም ጠባቦቹና የጭቃዎቹ ናቸው። ተከራዩ እንዲህ ያለውን ቤት ያለ ፈቃድ ማፍረስ፣ መቀጠል ወይም ግድግዳውን መክፈት አይችልም። በዚህም ምክንያት ቤተሰቡ ያሰበው መፍትሔ ሁሉ ቤቱን ሳይነካ የሚቆም፣ በሚለቅቁም ጊዜ ተነቅሎ የሚወሰድ መሆን ነበረበት። ይህ ገደብ በኋላ እንደሚታየው ጠቅሟቸዋል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዱንና የክረምቱን ጉም ለማያውቅ ሰው የዚህን ቤት ችግር ማስረዳት ይከብዳል። ጦሳ በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ከተራራው ጀርባ ቀድማ ትገባለች፤ የቤቱ መስኮት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ነው። ሁለቱም ወላጆች ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት ክፍሉ ጨልሟል። የተፈጥሮ ብርሃን የሚገኘው ጧት፣ ከበሩና ከመስኮቱ አጠገብ ብቻ ነው።

ሥራዎቹ ከቤቱ ምን ይፈልጋሉ?

መሶብ ከመሃሉ ተጀምሮ እየዞረ የሚያድግ ሥራ ነው። ስንደዶ የሚባለው ሣር ለውስጡ እየተጨመረ አክርማ የሚባለው ሣር በላዩ ይጠመጠማል፤ ወስፌው ባለፈው ዙር ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፣ አክርማው በቀዳዳው ገብቶ ይጠብቃል፣ ከዚያም ቀጣዩ ቀዳዳ። አክርማውና አለላው (ቀለም የተነከረው ሣር) በውኃ ርሰው በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠቀለሉ በእጅ ላይ ይሰበራሉ። እናት ሲሰፉ ቀኝ ጉልበታቸው ላይ ጨርቁን፣ ግራ እጃቸው ሥር የተሰፋውን ዙር ይይዛሉ፤ ቀለም የሚቀያየርበት ቦታ ሲደርሱ እያንዳንዱን ዙር በጣታቸው እየቆጠሩ ቀይና አረንጓዴውን አለላ በእርጥቡ ጨርቅ ላይ በተራ ይደረድራሉ። ይህ ድርድር ከተበተነ ጥለቱም ይዛነፋል። መሶቡ አይታጠፍም፣ ከላዩ ዕቃ አይጫንበትም፣ በእያንዳንዱ ሳምንትም ካለፈው ሳምንት የሰፋ ቦታ ይፈልጋል።

ክራሩ ሌላ ጠባይ አለው። ገበቴው ከዋንዛ ይፈለፈላል፣ ሁለቱ ምሰሶዎች ገብተው በቀንበሩ ይያያዛሉ፣ ቁርበቱ በእርጥቡ ይወጠርና በጥላ ይደርቃል። ኮላ የተቀባው መገጣጠሚያ በገመድ ታስሮ ሳይነቃነቅ ማደር አለበት። እርጥቡ ቁርበት ይሸታል፤ ድመትም ይጠራል። ሥዕሉ ከሁሉም የሚቀለው ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት ተዘርግቶ መቀመጥ ስላለበት እርሱም ቦታ ይሻል።

ቀድሞ በቤቱ ውስጥ አንድ አልጋ፣ ባለ ሦስትና ሁለት ባለ አንድ መቀመጫ ሶፋ፣ አንድ ትልቅ ቡፌና አንድ የቡና ጠረጴዛ ነበሩ። ልጅቱ የምትተኛው ማታ ማታ ወለሉ ላይ በሚነጠፍ ፍራሽ ነበር። ስለዚህ በየምሽቱ የተጀመረ ሥራ ሁሉ ተነስቶ አንድ ቦታ መግባት ነበረበት። መሶቡ ከአልጋ ሥር ሲገባ ጠርዙ ይጎብጣል፤ አይጥም ቀምሶታል። ክራሩ ከቡፌው ላይ ሲወጣ ያልደረቀው ኮላ ይለቃል። እናት እንደነገሩኝ፣ ከእራት በኋላ ለስፌት ከምትተርፋቸው አንድ ሰዓት ግማሹ ዕቃ በማውጣትና በመመለስ ያልቅ ነበር። «ማንሳቱና መመለሱ ከስፌቱ በለጠብኝ፤ በኋላማ ወስፌውን ማየት ራሱ ድካም ድካም ይለኝ ጀመር» ብለዋል። ስፌቱን ጭራሽ የተዉት የዚያን ጊዜ ነው። ይህችን ቃላቸውን የዚህ ጥናት ዋና ማስረጃ አድርጌ እቆጥራታለሁ፤ ችሎታውም ፍላጎቱም ሳይጎድል አንድ ሰው ከእጅ ሥራው የሚርቅበትን መንገድ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ የለም።

ያልተሳኩት ሙከራዎች

የመጀመሪያው ሙከራ ቤቱን በመጋረጃ ለሁለት መክፈል ነበር። መጋረጃው ከመስኮቱ የሚመጣውን ጥቂት ብርሃን ከለከለ እንጂ ለሥራው ማደሪያ አልሰጠም፤ አሁን አልጋውን ብቻ ይከልላል። ቀጥሎ በበረንዳው በኩል ሸራ ወጥረው ነበር። ግቢው የጋራ በመሆኑ የልብስ ማስጫ ገመድ ተዘጋና ጎረቤት ቅር ተሰኘ፤ የሐምሌው ዝናብም ሸራውን አንድ ሌሊት ጣለው። ለልጅቱ ከኮርኒሱ ሥር የመኝታ ቆጥ ለመሥራትም ታስቦ ነበር። አልጋው 1.75 ሜትር ላይ ቢቆም ከላዩ የሚቀረው ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ ቀና ብላ መቀመጥ አትችልም፣ ሌሊት በመሰላል መውረዱም አስጊ ነው። አናጢው እንጨት ከመግዛቱ በፊት በሁለት በርሜል ላይ ጣውላ ጋድሞ ልጅቱን አስተኝቶ አሳያቸውና ሐሳቡ በዚያው ቀረ። በእንጨት ዋጋ ለሚጨነቅ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን የጣውላ ሙከራ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሶፋው

ከባዱ ውሳኔ የአናጢነት ጉዳይ አልነበረም። ቡፌውና ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ ብቻቸውን ከወለሉ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ይይዙ ነበር። ቡፌው ግን የሠርግ ስጦታ ነው፤ ሶፋውም ቤቱ «ቤት» መሆኑን ለእንግዳ የሚናገር ዕቃ ነው። የአባት እናት ከወረኢሉ ለጥየቃ በመጡ ጊዜ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሰው ሲመጣ የት ልታስቀምጡት ነው ልጆቼ? ለቅሶ አይመጣ፣ እድር አይመጣ!» ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ቀላል አልነበረም። ወሎ ውስጥ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ረከቦቱ ይዘረጋል፣ ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ይጠጣል፣ ምርቃቱም ጊዜውን ይወስዳል። ለእንግዳ የማይመች ቤት፣ ለእጅ ሥራ ምንም ያህል ቢመች፣ ለእነርሱ ቤት አይሆንም ነበር።

መልሱ ከድሮው መደብ ተገኘ። የአባት እናት ራሳቸው በልጅነታቸው ቤት ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ መደብ ላይ ስንት ሰው ይቀመጥ እንደነበር ሲያወሩ፣ አባት ወዲያው ሜትር አንስተው 1.90 ሜትር ርዝመትና 65 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሳጥን ወንበር ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩ። ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋና ቡፌው ተሸጡ። በሽያጩ ላይ የአንድ ዙር እቁብ ተጨምሮበት አናጢው ሥራውን ጀመረ። ሳጥኑ ቀን አራት እንግዳ ያስቀምጣል፣ ማታ ልጅቱ ፍራሿን ዘርግታ ትተኛበታለች፣ በሆዱ ደግሞ ቀድሞ በቡፌው የነበረውን የእንግዳ ዕቃና የአባትን መሮ፣ ሞርድና መጋዝ ይይዛል። ፍራሹ ከወለል በመነሳቱ መሃሉ ወለል ማታም ጧትም ነጻ ሆነ። አያትዬው በሚቀጥለው ጉብኝታቸው እዚያው ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን ጠጥተዋል፤ ስለ ሶፋው ዳግመኛ አላነሱም።

ቆጡና ጣውላዎቹ

የጥናቱ እምብርት ይህ ነው። በሰሜኑ ግድግዳ ሙሉ ርዝመት፣ በ4.80 ሜትር፣ ከሳጥን ወንበሩ በላይ 65 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቆጥ ተሠራ። የቆጡ ወለል 1.95 ሜትር ላይ ስለሆነ ሰው ሳያጎነብስ በሥሩ ያልፋል፤ ከላዩ እስከ ኮርኒሱ የሚቀረው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል አንድ መሶብ ከነክዳኑ ይይዛል። ቆጡ የተደገፈው በጭቃው ግድግዳ ሳይሆን ሊሾው ላይ በቆሙ ስምንት ቋሚዎች ነው፤ ቋሚዎቹ ቆጡን በሦስት ክፍል ይከፍሉታል፤ አንደኛው ክፍል 2 ሜትር፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 1.40 ሜትር ናቸው።

በጭቃ ቤት ላይ መደርደሪያ የሰቀለ ሁሉ ምስማር ከምርጊቱ ጋር ተያይዞ ሲረግፍ አይቷል። አናጢው ወደ ፊት እንዳይወድቅ ቆጡን ከግድግዳው ጋር ያያዘው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። ቦታዎቹን ያገኘውም ጆሮውን አስጠግቶ ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ ነው። ጭቃ ብቻ ያለበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ከጀርባው ቋሚ ያለበት ግን ጠጠር ያለ ድምፅ ይመልሳል። እዚያ የተመታ ምስማር እንጨት ስለሚያገኝ ይይዛል። ቤቱን ያለ ፈቃድ መንካት ስለማይቻል የተመረጠው ይህ ራሱን ችሎ የሚቆም አሠራር፣ ደካማውን ግድግዳ ከሸክም አድኖታል።

ነገር ግን ቆጥ ብቻውን ማንሳትና መመለስን አያስቀርም ነበር። ለዚህ መፍትሔ የሆኑት 60 በ75 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት የኮምፔንሳቶ ጣውላዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። እያንዳንዱ ሥራ የሚሠራው በጣውላው ላይ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ መሶቡ፣ ወስፌው፣ በእርጥብ ጨርቅ የተደረደረው አለላ ሁሉ ሳይነካካ ከነጣውላው ይነሳና እንጀራ ከምጣድ በሰፌድ እንደሚወጣ ቆጡ ላይ ይንሸራተታል። በማግሥቱ ሲወርድ እናት ያቆሙበትን ዙር እዚያው ያገኙታል። ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ይበላ የነበረው ሥራ አሁን ውኃ ከመጠጣት አይበልጥም። መሶብ መስፋት የቀጠሉት ጣውላው በተሠራ በዚያው ሳምንት ነው፤ ይህ ጊዜ ለእኔ በአጋጣሚ የተገጣጠመ አይመስለኝም።

ለልጅቱ ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ ካለው የቆጡ ቋሚ ጋር በማጠፊያ የተያያዘ፣ ሲፈለግ የሚነሳ ሲበቃ የሚወርድ ጠረጴዛ ተሠራ። የጧቱ ብርሃን የሚያርፈው እዚያ ነው። ቅዳሜና እሑድ እናትም ጥለት ሲጀምሩ በዚያው ይቀመጣሉ፤ ቀይና ወይን ጠጅ አለላ በአምፖል ብርሃን ስለሚመሳሰሉባቸው ቀለም የሚቀይሩት በቀን ብቻ ነው።

አቧራ፣ ድምፅና እሳት

ስፌትና እንጨት ሥራ በአንድ አየር አይስማሙም። ከብርጭቆ ወረቀት የሚነሳው የእንጨት ብናኝ እርጥቡ አክርማ ላይ ተጣብቆ ያጠይመዋል። ስለዚህ መፈልፈል፣ መሞረድና ማለስለስ ሙሉ በሙሉ ወደ ግቢው፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወጥቷል፤ በቤት ውስጥ የቀረው መገጣጠም፣ ክር መወጠርና መቃኘት ብቻ ነው። ቫርኒሽም የሚቀባው ውጭ፣ ከማድ ቤቱ እሳት ርቆ ነው።

ድምፁ የበለጠ ጥንቃቄ ጠይቋል። የአቡጀዲው ኮርኒስ ከጎረቤት ቤት ኮርኒስ ጋር ቀጥታ ስለሚገናኝ በመካከሉ ያለው ግድግዳ ድምፅ አያስቀርም። ጎረቤታቸው በዕድሜ የገፉ ሐጂ ናቸው። አባት ራሳቸው ሄደው ሲጠይቁ፣ «መምህር፣ ባቲውን ስትመታው እወደዋለሁ። ከዒሻ በኋላ ግን ተወኝ፤ ለሱብሒ እነሳለሁ» አሏቸው (ዒሻ የምሽት፣ ሱብሒ የንጋት ሶላት ነው)። ባቲና አምባሰል የቅኝት ብቻ ሳይሆኑ የዚሁ የወሎ ምድር ስሞችም በመሆናቸው ሽማግሌው ዜማውን የሚሰሙት እንደ ራሳቸው ንብረት ነው። አሁን ክራሩ የሚመታው ከሰዓት ከ11 ሰዓት እስከ ምሽት 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በረመዳን ምሽቶች አይነካም። በጋራ ግቢ ለሚኖር ሰው ከማንኛውም ድምፅ መከላከያ ይህ ስምምነት ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ አሳስቦኛል። ቆጡ ላይ የደረቀ ስንደዶ አለ፤ ከበላዩ አቡጀዲ፣ በአጠገቡም ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። በምክሬ ሽቦው በባለሙያ ወደ ሌላው ግድግዳ ተዛውሯል፤ መብራት ሲጠፋም ሻማ ቀርቶ ቻርጅ የሚደረግ መብራት ብቻ ይበራል። የከሰል ምድጃም ለብርዱ ተብሎ በር ተዘግቶ አይገባም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በሩ በተዘጋ 20 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ የተኛን ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል። በደሴ ብርድ ይህን መከልከል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ክረምትና በጋ

ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ እንዲሄድ ቤቱ አይበቃም። ቤተሰቡ ወቅት በመከፋፈል አቃልሎታል። ክረምት የስፌት ነው፤ እርጥቡ አየር አክርማውን ቶሎ አያደርቀውም፣ ሰውም ከቤት አይወጣም። ያለቀው መሶብ ግን ሻጋታ እንዳይዘው ፀሐይ በወጣች ቁጥር ግቢ ይሰጣል። የዓመቱ ሣር የሚሰበሰበው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ እናት ጥቂቱን ከዘመድ ያገኛሉ፣ የጎደለውን ከሰኞ ገበያ ይገዛሉ።

በጋ የክራር ነው። በክረምት ቁርበት መወጠር ትርፉ ድካም ነው፤ ሳይደርቅ ይሸታል፣ የደረቀውም እርጥበት ስቦ ይላላና ቅኝቱ ይወርዳል። አባት በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ ደሴ ሲጨፈግግ የወጠሩትን ገበቴ በታክሲ ይዘው የሀረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ እኅታቸው ቤት ያሳድሩታል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ትሞቃለች፤ መንገዱም ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እኅታቸው ግቢ በጥላ ሥር ተሰቅሎ የደረቀው ቁርበት እኩል ይወጠራል፤ ድምፁም ደሴ ከደረቀው የጠራ መሆኑን በሁለት ክራር አነጻጽረው አሰምተውኛል።

ያልተፈታው

ቤቱ ውስጥ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ ጣውላው ላይ ያለው ሳያልቅ ማንም ሌላ ሥራ አይጀምርም። ደንቡን ያወጡት እናት ናቸው። ለእርሳቸውና ለአባት ሠርቷል። ልጅቱ ግን ከወረቀት ወደ ሸራ እየተሸጋገረች ነው፤ በቅርቡ የጀመረችው ሥዕል 80 ሳንቲ ሜትር በአንድ ሜትር በመሆኑ ጣውላው ላይ አይቀመጥም፣ 65 ሳንቲ ሜትር በሆነው ቆጥ ላይም ተጋድሞ አይገባም። አሁን በአልጋው ግርጌ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሁለት ጊዜ በብርድ ልብስ ተነክቶ ቀለሙ ተላልፏል። የመጀመሪያው ዕቅድ ላይ የእርሷን ሥራ እንደ ትንሽ ነገር ቆጥሮ በትንሽ ቦታ መወሰኑ ከመነሻው ጠባብ አሳብ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ እያደገች ያለችው እርሷ ናት።

በመጨረሻ በሄድኩ ጊዜ አናጢው ሜትሩን ይዞ ተገኝቷል። ከመስኮቱ በኩል ያለው 1.40 ሜትር ክፍል ወለሉ በማጠፊያ ወደ ላይ እንዲነሳ፣ ከሥሩም ሸራው በቁሙ የሚገባበት ጠባብ መክተቻ እንዲሠራለት ተስማምተዋል። ዋጋው ከሚቀጥለው የእቁብ ዕጣ ይከፈላል፤ እስከዚያ ድረስ እናት ሁለተኛውን መሶብ አዘግይተው ቦታቸውን ለልጃቸው ለቀዋል።